ጦርነቱ እስኪያልቅ አይዘጋም

ሐሙስ፣ ጁላይ 10፣ 2014። ረሆቮት።

ዛሬም አዛካው፣ የሮኬት ማስጠንቀቂያው፣ ሲጮህ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ሕንፃችን አሮጌ ነው፤ አዲሶቹ ቤቶች ያላቸው የሮኬት መከላከያ ክፍል የለውም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዳለ፣ በፎጣም በፒጃማም፣ ወደ ደረጃው ይወርዳል። ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት ለእኔ ዓይነቷ ወሬኛ ሠርግ ሆነላት ብዬ ብጽፍ ይፈረድብኛል፤ ግን ሆነ። ከላያችን የሚኖረው ኦዴድ ውሻውን አቅፎ፣ ሚስቱን ረስቶ ወረደ። እሷ ከኋላው ደረሰችና ውሻውን ከእጁ ወሰደችው። ይህ ለመጽሔቱ ይሆናል። አዘጋጄ ሰይፉ በስልክ፣ ሰው ፈርቷል ድንቅነሽ፣ አምድሽ ላይ አስቂልኝ ብሎኛል።

ወንድሜ ካሳው ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ወጥቶ ከመንገድ ላይ አሮጊቶቹን እየደገፈ አስገባቸው። ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሽው ይሉኛል ጎረቤቶቼ። እውነት ነው፣ አሳድጌዋለሁ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲያወጡን ሕፃን ነበር፤ መሰላሉን የወጣሁት እሱን በጀርባዬ አዝዬ ነው።

ሚስቱ ይታየሽ አልወረደችም። እንቅልፍ ወስዷት ነው አለ። አዛካ እየጮኸ እንቅልፍ! ልጅ ናት፤ ልጅ እንቅልፍ አይጠግብም።


ዓርብ፣ ጁላይ 11። ሰንበት ሳይገባ።

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ልጄ ያርደን ከጦር ሰፈር መጣች። ይታየሽም የሰንበት ዳቦ ይዛልን መጣች። በዚህ ሙቀት እጅጌዋ እስከ ጣቶቿ ድረስ ነው። ያርደን ልትስማት ክንዷን ስትይዛት ይታየሽ ጮኸች። ያርደን እጅጌዋን ሰበሰበችው።

እኔ ወጥ ቤት ገባሁ። ድስቱ ሊያርብኝ ነበር።

ከዚያ ሆኜ የሰማሁት፦ ይታየሽ ፖሊስ አይጠራ እያለች ትለምናለች። ከጎንደር ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዘመዶቿ ሁሉ እዚያ ናቸው። ያርደን በዕብራይስጥም በአማርኛም ትቆጣለች። እኔ ተመልሼ፣ ሰንበት ሊገባ ነው፣ ጦርነት ነው፣ የቤት ነገር በሽማግሌ ይያዛል አልኩ። ያርደን ቆይታ አየችኝ። ከዚያ የኔን ላፕቶፕ አነሳችና ተያይዘው ወደ እነ ካሳው ቤት ሄዱ፤ እሱ ነስ ጺዮና ካለው መጋዘን ከሥራ አልተመለሰም ነበር።

የሆነው ይኸው ነው። ይታየሽ ለነርስ ረዳትነት ኮርሷ የሰጠኋት አሮጌ ላፕቶፕ አላት። ያርደን በስካይፕ ከኔው ጋር አገናኘችው። የነሱ ቤት ድምፅ ወደ እኔ ይመጣል፤ የእኔ ማይክሮፎን ዝግ ስለሆነ ከእኔ ወደ እነሱ አይሄድም። እዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የአዛካ ማስጠንቀቂያ ገጽ ብቻ ነው። ክዳኑ ቢከደን እንኳ እንዳይተኛ አደረገችው። ለካሳው የሚነገረውም ተዘጋጅቷል፦ በሰንበት ሬድዮ አንነካም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እንዳያመልጠን ላፕቶፑ በርቶ ይክረም። ከዓርብ አብርቶ መተው የሁሉም ቤት ልማድ ነው፤ ማን ይጠረጥራል? ጦርነቱ እስኪያልቅ አይዘጋም።

ያርደን ላፕቶፔን መልሳ ሳሎን አስቀምጣው እንዲህ አለችኝ፤ "ኢማ፣ ይሄ ሬድዮ አይደለም። ከሰማሽ ትደውያለሽ። ቤሰደር?"

ቤሰደር፣ እሺ፣ አልኳት።


እሑድ፣ ጁላይ 13።

ሰንበት ሰላም ነበር። ካሳው ጸለየ፣ በሉ፣ አንኮራፋ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ ይላል። የሰው ቤት ያለ ድካም ሳሎንሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲያወራ! ይታየሽ ብቻዋን ስትሆን እንደምታንጎራጉር አላውቅም ነበር። ድምፅ አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት አዛካው ሲጮህ ካሳው ወደ ደረጃው እየወጣ፣ "ጌታ ሆይ፣ ቤቴን ማርና የአለቃዬን መኪና ምታልኝ" አለ። በላፕቶፑ ሰምቼው፣ ወደ ደረጃው ሳልወርድ፣ ብቻዬን ሳሎኔ ውስጥ ቆሜ ሳቅሁ። ይህን ልጅ ክፉ ነው የሚል ማነው?

ያርደን ወደ ጦር ሰፈሯ ተመለሰች።


ረቡዕ፣ ጁላይ 16።

አምዴን ላክሁ። ኦዴድና ውሻው፣ የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ዊግ፣ አንድ ጎረቤቴ ስለ አለቃው መኪና የጸለየው ጸሎት። ሰይፉ ደውሎ፣ የመኪናዋን ነገር ከየት አመጣሽው ብሎ ሳቀ። ጆሮ አለኝ አልኩት።

ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ሞቋል። ማራገቢያው ይጮኻል። ከሥሩ የመጽሐፍ ክምር አደረግሁለት። ሳይዘጋ መክረም ይጎዳዋል ይላሉ።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 19። ሰንበት ከወጣ በኋላ።

ሰንበት እስኪወጣ ብዕር አልነካሁም። አሁን እጽፈዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ነው። መጀመሪያ ንግግር ብቻ ነበር። በአዛካ ጊዜ ለምን እንደማትወርድ ጎረቤቶች ጠይቀውት አፍሯል። እሷ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ፊቴን እንዳያዩት ነው አለችው። እንግዲህ ፊቷን ማን እንዲያ እንዳደረገው እሷም አልተናገረች፣ እሱም አልጠየቀ። ከዚያ ወንበር ወደቀ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ሥጋ በመክተፊያ ላይ ሲወቀጥ ዓይነት ነው፣ ሌላ ምን ልበለው። ደጋገመው። መጀመሪያ ትጮኽ ነበር። ኋላ መጮኽ ተወች፤ የሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ጀመር፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው። እየመታ በየመሃሉ ያነጋግራታል። ምን ዓይነት ሰው አደረግሽኝ ይላታል። እንደገና ይመታታል። ብርጭቆ ነው ሳህን፣ ግድግዳ ላይ ሲደቅ ሰማሁ፤ በስብርባሪው ላይ ሲረግጥም ሰማሁ።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ወደ ጸሎት ሄደ።

ፀጥ አለ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ብቻ። ቆይቶ ወለል ላይ የሚሳብ ነገር ተሰማ፤ እየቀረበ መጣ፤ ትንፋሿ ልክ ከጆሮዬ አጠገብ ሆነ።

"እትዬ ድንቅነሽ" አለች፤ "እየሰሙ ነው?"

ማይክሮፎኑን ለመክፈት መንካት ያስፈልጋል። ሰንበት ነው። ስልኩም ያው ሰንበት ነው። እናቴ በዚህ ቀን እሳት የነካን ሰው ቤቷ አታስገባም። ሁለት እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

በእግር መሄድ ይቻል ነበር፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። ፀሐዩ ከባድ ነበር።

እንደገና፣ "እየሰሙ ነው?" አለች። ከዚያ ተወችው።


እሑድ፣ ጁላይ 20።

አባ ፈረደ ዘንድ ሄድኩ፤ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይታረቃል። ለጽሑፍ ነው ብዬ፣ ነፍስ ለማዳን በሰንበት ስልክ ይነካል ወይ ስል ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። "ለነፍስማ ከሆነ ሰንበት ራሷ ተነሥታ ታስደውልሻለች" አሉ፤ "ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።" ከዚያ መሳቃቸውን አቁመው አዩኝ። ወሬውን ወደ ጉልበታቸው ሕመም አዞርኩት። ልሄድ ስል፣ ካሳውና ይታየሽ ትንሽ አልተስማሙም፣ ቢመክሯቸው አልኩ። ትንሽ ነው ያልኩት።

ያርደን መልእክት ላከች፦ የሰማሽው አለ? ሁሉም ቤሰደር ብዬ መለስኩ። እሷም እኮ በጦርነት ላይ ናት፣ ምን ላስጨንቃት።


ረቡዕ፣ ጁላይ 23።

አባ ፈረደ ሄደው አስታረቁ። ካሳው ጉልበታቸውን ሳመ፣ አለቀሰም አሉ። እሷ ቡና አፍልታ፣ ጸጥ ብላ ተቀመጠች አሉ። ጨዋ ልጅ ናት አሉ። አለቀ ማለት ነው።


ሐሙስ፣ ጁላይ 31።

መጽሔቱ ወጣ። ካሳው ይዞት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጸሎቱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ የአለቃውን መኪና። ሳቀ።

"ጆሮሽ መልካም ነው፣ እታለም" አለኝ።

ራት በላ፣ ደገመ። ስንለያይ ግንባሬን ሳመኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጽሑፌን አመስግኖ አያውቅም ነበር። ደስ አለኝ።


እሑድ፣ ኦገስት 3።

ሰንበት። እንደገና። ትናንት ነው፤ አጭር ነበር።

የሚገርመው፣ ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድሮ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። ላፕቶፑን ወደ ምግብ ጠረጴዛው አስጠግተውት ይሆናል።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 5።

ተኩስ ማቆም ሆነ፤ ለሦስት ቀን ነው አሉ። ጠዋት ካሳው፣ በቃ ሮኬት የለም፣ ይሄ ነገር መብራት ይበላል ሲል ሰማሁት። ከዚያ ቲክ አለ፣ ጠፋ።

ቤቴ ፀጥ አለ። ላፕቶፔም ቀዘቀዘ። አሁንማ አምዴን አንዴ ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ አልኩ።


ሐሙስ፣ ኦገስት 7።

አንድ መስመር አልጻፍኩም። ይታየሽን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አየኋት፤ ትልቅ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሰላም አልኳት። እንደምን ዋሉ እትዬ አለችኝ። አፏ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለ ሙቀቱ አወራሁላት፤ ስለ ሙቀት ብዙ ነገር አወራሁ። አውቶቡሱ መጣ።

እናቴ ማሚቱ ማታ ደወለች። ይታየሽ ልጅ ሳትወልድለት ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ፣ እሱ ምን ያድርግ አለች። ጉዳዩን ታውቃለች ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን ማለት ነው።


ዓርብ፣ ኦገስት 8።

ሬድዮው ጠዋት ተኩሱ ተመለሰ አለ። ሮኬት ደቡብ ወድቋል።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሰው እየሞተ ደስ አለኝ። ሳይመሽ ላፕቶፔ ደወለ፤ ይታየሽ ናት፤ መልሳ አብርታዋለች። ካሳውም ይብራ ብሏል አለችኝ በሹክሹክታ፤ "ራሱ ነው አብሪው ያለኝ።"

ማይክሮፎኔን ሳልከፍት፣ አየሽ፣ አልኩ ለራሴ፤ ለቤቱ ያስባል።


ቅዳሜ፣ ኦገስት 16። ሰንበት ከወጣ በኋላ።

ያርደን ብትኖር ኖሮ።

ዛሬ ጀርባዋ ላፕቶፑ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በእያንዳንዱ ምት የኔ ሳሎን ሁሉ ጓ፣ ጓ ይላል፤ ኦዴድ ከላይ ሆኖ ምን እየሠራሽ ነው ብሎ መሬቱን መታ። ፀጉሯን ይዞ ነው መሰል ቃሏ ከጉሮሮዋ ይቆረጣል። እናቷን ጠራች። እናቷ ጎንደር ናት።

ከዚያ ካሳው መምታቱን አቆመ። "ማን ይሰማሻል?" አላት። ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። ከዚያ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ። እሷ አልመለሰችም። ማንም አልመለሰም። ከዚያ ቀጠለ።

ሰንበት ሲወጣ ስልኩን አነሳሁ። የፖሊስን ቁጥር፣ አንድ፣ ዜሮ ብዬ፣ ሌላዋን ዜሮ ሳልነካ አስቀመጥሁት። ፖሊስ የኛን ልጆች እንዴት እንደሚይዝ አይቻለሁ። በካቴና ደረጃ ላይ እየጎተቱ ሲያወርዱት፣ እነዚያ ደግፎ ያስገባቸው አሮጊቶች ቆመው ሲያዩት ታየኝ። ካሳው እስር ቤት ውስጥ ይሞታል። እሷ ደግሞ ዛሬም በእግሯ ቆማ ነበር፤ ኋላ ዕቃ ስታጥብ ሰምቻለሁ።

እየሰማሁ እስካለሁ ድረስ ከመጠን አያልፍም። የሚያልፍ ከሆነ እደውላለሁ። ለዚህ አይደል የበራው?


ረቡዕ፣ ኦገስት 20።

ሰይፉ የሚቀጥለው አምድ የት አለ ይላል። የሚያስቅ ነገር የለኝም አልኩት። አንቺ? አለ። የላፕቶፔ ባትሪ አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ተነሥቷል። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ይህን ያህል ሳይዘጋ ከርሞ አለመፈንዳቱ ዕድል ነው አለኝ።


ረቡዕ፣ ኦገስት 27።

ሌሊቱን መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን ንጋት ነው፣ እሞክራለሁ።

ትናንት አመሻሹ ላይ ቴሌቪዥኑ ጦርነቱ አለቀ አለ። ሰዎች በረንዳ ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ፤ ከታች መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ከሬድዮ ይልቅ ላፕቶፑን ነበር የምሰማው። እዚያ ቤት ወንበር ተሳበ፤ ሰው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ፣ ከዚህ ከአጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው፦

"ሰላም ነው እንግዲህ፣ እታለም። ልዘጋው ነው። የአለቃዬን መኪና ከጻፍሽ ጀምሮ እየሰማሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን ተው ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን። አላልሽም። እንግዲያው ልክ ነኝ ማለት ነው።"

ማይክሮፎኑን የነካሁት ያኔ ነው። ሰሌዳው አብጦ ጣቴን አልታዘዝ አለኝ፤ ደጋግሜ ጫንሁት። "ካሳው!" አልኩ።

 "አለሽ እንዴ?" አለኝ። ዘጋው።

መቶ ደወልኩ። ስም አሉኝ፣ ሰጠሁ፤ የሱንም ሰጠሁ፤ የቤተሰብ ስማችሁ አንድ ነው አለችኝ ሴትዮዋ፤ አዎ አልኩ እየሮጥኩ። በራቸው ተቆልፏል። ውስጥ ጩኸት አለ፤ ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ጩኸት ነው፤ የሰው አይመስልም። በሩን በጡጫ ብደበድብ ማን ይከፍታል? የሕንፃው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ሰላሙን ያያል። ያኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ፣ "አዛካ! አዛካ!" ብዬ ጮኽኩ።

ወጡ። በፎጣም በፒጃማም፣ ሕፃናት ታቅፈው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። የት ነው የወደቀው ይላሉ። በሩን በጣቴ አሳየኋቸው። ሁለት ጎረምሶች በትከሻቸው ገጩት፣ ደገሙት፣ ማጠፊያው ተነቀለ።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ናት። ቢላዋው ጎኗ ውስጥ ነበር፣ እጀታው ብቻ ይታያል። ከጉልበቴ ሥር ያለው ደም ይሞቃል። ካሳው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ደረቱ ድረስ ቀይ ነው። ወደ እኔ ቀና አለ፤ የተገረመ ይመስላል። "አሁን መጣሽ" አለኝ። አንደኛው ጎረምሳ አፉን በጡጫ መታው፤ ሌሎቹም ገቡበት፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ተው አላልኩም። እጄ የሷን ጎን ተጭኖ ነበር።


ሐሙስ፣ ኦገስት 28። ሆስፒታል።

ትተርፋለች አሉ። ሐኪሙ ያርደን ፊት ነው የነገረኝ፤ ያርደን ሰምታ ወጣች፣ አላናገረችኝም።

ጋሊት የምትባል የፖሊስ መርማሪ መጣች። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ ከዚህ በፊትስ? ካሳው በንዴት የአንድ ጊዜ ስህተት ነው ብሏል፤ ጠበቃው የሚይዘው ይህን ነው። ቀደም ሲል የሰማ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል አለች። ይታየሽ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር ብቻዋን ነበረች። ነገ ጠዋት ጣቢያው መጥተሽ ቃል ስጪ አለችኝ።

እናቴ እኔን ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ምንም አልሰማሁም በይ አለች። "አንድ ቀን ነው የሳተው። አንድ ቀን በይ፣ ልጄን አታስቀብሪኝ። ደግሞ ሰማሁ ብትዪ አንቺስ ምን ሊሉሽ ነው?" የመጨረሻውን ቀስ ብላ ነው ያለችው። ያልፈራሁትን አልነገረችኝም።


ያው ዕለት፣ አመሻሽ።

ይታየሽ ነቃች። ድምፅዋ እንደ ወረቀት ቀጥኗል። እጄን ይዛ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየች አላውቅም። ከዚያ እንደማጽናናት አድርጋ፣ "አይዘኑ" አለችኝ። "ማሽኑ ከመጀመሪያው ሰንበት ጀምሮ ተበላሽቶ ነበር፣ አይደለም? ሞቆ ሞቆ ነው። እኔም አውቄዋለሁ። ባይበላሽ ኖሮ እትዬ ይመጡ ነበር እል ነበር። እሱ ሲመታኝ ይህን እያሰብኩ ነበር የምችለው።"

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እሷ ራሷ ሰጥታኛለች። እናቴም፣ ካሳውም፣ እኔም በዚህ አንድ ቃል እንድን ነበር። አፌ ቃሉን ያዘው።

"አልተበላሸም" አልኳት። "ሰምቻለሁ። እየሰሙ ነው ወይ ያልሽኝንም ሰምቻለሁ። ሁሉንም።"

አላለቀሰችም። እጇን ከእጄ አወጣች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። መርፌው ያለበትን እጇን ደረቷ ላይ አደረገችው። 

"እንግዲያው ነገ ሄደው ይንገሩልኝ" አለች። "ከመጀመሪያው ሰንበት ጀምረው። ምንም እንዳያስቀሩ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።


ዓርብ፣ ኦገስት 29። ጠዋት።

ፖሊስ ጣቢያ፣ ወንበር ላይ። እናቴ ትደውላለች፣ አላነሣሁም። እንደገና ትደውላለች። ያርደን የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ከግድግዳው ጋር ቆማለች፤ አጠገቤ አልተቀመጠችም፣ ግን መጥታለች።

ጋሊት በሩን ከፍታ ስሜን ጠራች።